የወደቅኩት ወረርሽኙ ሲበርድ ነው

ነርስ ነኝ። ኮቪድ ሲገባ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ሲወጣም እዚያው ነበርኩ። ስለ ቫይረሱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት በማዕበሉ መሀል ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ በኋላ እንዴት እንደወደቅኩ ነው። ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ቢሰጠኝ ኖሮ ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ባልተንገላታሁ። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላቦራቶሪ ሰዎች፣ አምቡላንስ የምትነዱ፣ ክፍል የምታጸዱ፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ካለም አንብቡት፤ ምናልባት እሱ ራሱ ያልነገራችሁን እዚህ ታገኙት ይሆናል።

መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነገሩን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ሲጠራው፣ እኛ ክፍል ማስክ በቁጥር ነበር የሚሰጠን። ክትባት የለም። የሚያድን መድኃኒት አይታወቅም። ለራሴ ብዙም አልፈራሁም፤ የፈራሁት ይዤው ቤት እንዳልገባ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ልጄ እየሮጠ መጣና "አትንካኝ!" ብዬ ጮህኩበት። ገና አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስገባ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ጀመር። ማንም ሳያዘው።

ፍርሃታችን ከንቱ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት ኋላ ላይ ባወጣው ግምት፣ ከጃንዋሪ 2020 እስከ ሜይ 2021 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ አልቀሩም። አንዱ አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። የተኛው እኛው ክፍል ነበር፣ ስንት ሌሊት አብረን ባደርንበት ክፍል።

ከዚያ ሥራው ፍርሃቱን ዋጠው። ሳንባው የደከመን ሰው በሆዱ እናስተኛለን፣ በቀን ቢያንስ 16 ሰዓት። ከነቱቦው ከነመስመሩ አንድን ሰው ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሆነን ነው፤ አንዱ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ እሱ ሲቆጥር ሁላችንም እኩል እናዞራለን። መከላከያ ልብሱን ከለበስን በኋላ ለሰዓታት ውኃ የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ሁላችንም አንድ ስለምንመስል ስማችንን በማርከር ደረታችን ላይ እንጽፋለን። ሰው ውጭ "ጀግኖች" ይለናል፣ ያጨበጭብልናል።

እና እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ደህና ነበርኩ። እንዲያውም ከደህናም በላይ። ትንሽ ተኝቼ ብዙ እሠራ ነበር፤ ጭንቅላቴ ጥርት ያለ ነበር፤ ሌላው ሲደነግጥ እኔ አልደነግጥም። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ዜና አነባለሁ፣ የሞቱትን ቁጥር በየአገሩ አያለሁ፣ እስኪነጋ። ያኔ "እኔ ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ ነኝ" ብዬ አሰብኩ። አሁን የሚገባኝ ሌላ ነው። ሰውነት አደጋ ሲያይ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ድካም ይደበቃል፣ ሐዘን ለጊዜው ወደ ጎን ይላል። ይህ ለደቂቃና ለሰዓታት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። እኛ ወራት ሙሉ ኖርንበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ በአደጋው መሀል ጠንካራ መሆናችሁን እንደ ማስረጃ አትያዙት። አብረውኝ የነበሩ ገና ከመጀመሪያው ያለቀሱ፣ "አልቻልኩም" ብለው አንድ ሳምንት ያረፉ ልጆች ነበሩ። በውስጤ እንደ ደካማ አየኋቸው። አብዛኞቹ ከእኔ ቀድመው አገገሙ። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አዝናለሁ፤ አንዷን በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

አሁን ለመጻፍ የሚከብደኝ ቦታ ደረስኩ። አንድ አባት ነበሩ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ይመስለኛል። የመተንፈሻ ማሽን ላይ አልገቡም፣ በማስክ ከፍተኛ ኦክስጅን ነበር የሚወስዱት፣ ስለዚህ ያወራሉ። እኔን "ልጄ" ይሉኛል፣ እኔ "አባባ" እላቸዋለሁ። ጠያቂ አይገባም ነበርና ማታ ማታ ልጃቸው በቪዲዮ ስትደውል ብዙ ጊዜ ስልኩን የምይዝላቸው እኔ ነኝ። ክንዴ እስኪደነዝዝ እይዛለሁ። ትንሽ ትንሽ ጨዋታቸውንም ሰማሁ፣ የቤተሰቡ ሰው የሆንኩ ያህል።

አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ አራት ሕመምተኛ በእኔ እጅ ነበር። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ነርስ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው መያዝ ያለባት። ከጎን ያለው ክፍል አንዱ የመተንፈሻ ቱቦው ተዘጋና ሮጥን። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስመለስ አባባ አልፈዋል። ማስኩ ወልቋል። አንድ እጃቸው የአልጋውን ብረት እንደያዘ ነው። ማሽኑ እየጮኸ ነበር፤ ግን ያን ሌሊት ሁሉም ማሽን ይጮኽ ነበር።

ለልጃቸው የደወልኩት እኔ ነኝ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አባዬ ብቻውን ነበር?" አለችኝ። "አልነበሩም፣ አብሬያቸው ነበርኩ፣ እጃቸውን ይዤ ነበር" አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና ወደ ሚቀጥለው አልጋ ሄድኩ። አላለቀስኩም። ጓንት ቀየርኩ።

ሥራው ቀጠለ። አንድ ማዕበል ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ። ክትባት ተከተብን። ክፍሉ ውስጥ ባዶ አልጋ መታየት ጀመረ። ሰዉ እፎይ አለ፣ እኔም እፎይ ልል ነበር። የዚያን ጊዜ ነው የጀመረኝ።

መጀመሪያ እንቅልፍ ጠፋ። አልጋ ላይ ስተኛ የማሽኑን ድምፅ እሰማለሁ፣ ቤቴ ውስጥ። የመኪና ማንቂያ ሲጮኽ ልቤ ትመታለች፣ እጄ ይላባል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ያለ ምንም ምክንያት ብድግ እላለሁ። "ጠርተውኝ ይሆን?" የምትለዋ አንዲት ጥያቄ ጭንቅላቴ ውስጥ ትዞራለች፣ ሰሃን ሳጥብ፣ መንገድ ስሻገር፣ ልጄን ሳለብሰው። ከዚያ ደግሞ ስሜት የሚባለው ነገር ጠፋ። ሕመምተኛ ሲሞት ምንም አይሰማኝም፤ ልጄ ሲስቅም ምንም አይሰማኝም። አንዲት የሕመምተኛ ዘመድ ስታለቅስ "ቶሎ ትጨርስ" ብዬ አሰብኩና በራሴ ደነገጥኩ። እኔ እንዲህ አልነበርኩም።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ሁሉ ልዘርዝርላችሁ ብል አይበቃም፤ ዋና ዋናዎቹን ልናገር።

ቤት ስለከበደኝ ተጨማሪ ተረኝነት ወሰድኩ። ሰው "ታታሪ ናት" ይላል፤ እኔ እየሸሸሁ ነበር። ሥራ ላይ ቢያንስ እጄ የሚይዘው ነገር አለ። ከተረኝነት ወደ ተረኝነት የምትሮጡ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ዝም ብላችሁ መቀመጥ ካስፈራችሁ፣ እባካችሁ ያንን ፍርሃት እንደ ሕመም ምልክት ቁጠሩት።

ለባለቤቴ ምንም አልነገርኩትም። "እሱን ላስጨንቅ አልፈልግም" እል ነበር። እሱ ደግሞ ዝምታዬን ሲያይ የጠላሁት መሰለው። ሁለታችንም አንዳችን ሌላውን እየጠበቅን አንድ ቤት ውስጥ ተራራቅን።

ራሴን ከሌላው ጋር አወዳደርኩ። ሰው አባቱን ሳይሰናበት ቀብሯል፤ እኔ ምን ሆንኩና? የሥራ ባልደረባዬ ሞቷል፤ እኔ ቆሜያለሁ። እንዲህ ስል ከረምኩ። የተሰበረ እግር ይዞ የመጣን ሰው "ሁለት እግሩ የተሰበረ ስላለ አንተን አናክምም" እንላለን እንዴ? ለሕመምተኛ የማንለውን ለራሳችን እንላለን።

አራተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ክኒን ጀመርኩ። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ለእንቅልፍ ብላ ዲያዜፓም ሰጠችኝ። አንድ ሌሊት ተኛሁበት። ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። መድኃኒት አጠገባችን ነው፣ መጠኑን እናውቀዋለን፣ "እኔ ባለሙያ ነኝ" እንላለን። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በሳምንታት ውስጥ ሰውነት እንደሚለምዳቸው ለስንት ሰው አስረድቻለሁ። በሁለተኛው ወር አንድ ክኒን አልበቃ አለኝ። ይህን አንብቦ "እኔም" የሚል ካለ ሁለት ነገር ልንገረው፦ ድንገት በራስህ አታቁም፣ ከለመዱት በኋላ ድንገት ማቆም እስከ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊያደርስ ይችላል። ነገ ግን ለሐኪም ተናገር። ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ይወጣል። እኔ ወጥቼዋለሁ።

ነገሩ የተገለበጠው አንድ ማለዳ ነው፣ የሌሊት ተረኝነት ሊያልቅ ሲል። የደም ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት በፓምፕ ልጀምር ነበር። ቁጥሩን አስገባሁ። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሁለት ሰው ሳያየው አይጀመርም፤ ባልደረባዬ መጣ፣ አየ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እጄን ከፓምፑ ላይ አነሳው። የአሥርዮሹን ነጥብ ስቼዋለሁ። ከሚገባው አሥር እጥፍ ነበር።

ሕመምተኛው ምንም አልሆነም። እኔ ግን ግድግዳው ላይ ተደግፌ ቀረሁ። ባልደረባዬ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ብዙም አንቀራረብም። አልተቆጣኝም። "ምን ሆነሻል?" ቢለኝ "ምንም" ነበር የምለው፤ ስንት ሰው "ደህና ነሽ?" ብሎኝ "ደህና ነኝ" ብዬዋለሁ። እሱ ግን "ሲስተር፣ በዚህ ሳምንት ስንት ሰዓት ተኝተሻል?" አለኝ። ይህ ቁጥር የሚጠይቅ ጥያቄ ነው። መቁጠር ጀመርኩ። ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ማክሰኞ ያለ ክኒን ምንም፣ ረቡዕ... እየቆጠርኩ ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ ከአጠገቤ አልሄደም። ተረኝነቴን አስረክቦልኝ እስከ ኃላፊዋ ቢሮ ድረስ አብሮኝ ሄደ። በር ላይ ጥሎኝ ቢመለስ ኖሮ አልገባም ነበር።

ስለዚህ ባልደረባችሁ ያሳሰበቻችሁ ሰዎች፣ "ደህና ነሽ?" አትበሏት። እንቅልፏን ጠይቋት። መጨረሻ ቁጭ ብላ የበላችው መቼ እንደሆነ ጠይቋት። ከሥራ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ ጠይቋት። ከዚያ ደግሞ "እርዳታ ከፈለግሽ ንገሪኝ" ብላችሁ አትሂዱ፤ ያ ሰው የመናገር አቅም የለውም። አብራችሁ ሂዱ።

እርዳታ ለመጠየቅ ያን ያህል የቆየሁት ለምን ነበር? ግድግዳችን ላይ የምክር አገልግሎት ስልክ ተለጥፎ ነበር፣ በየቀኑ አልፈው ነበር። የፈራሁት ለሥራ ፈቃዴ ነው። "መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ ማን ሕመምተኛ ያምነኛል" እል ነበር። ይህ ፍርሃት የእኔ ብቻ አለመሆኑን በኋላ አነበብኩ። ሎርና ብሪን የተባለች የኒውዮርክ የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነበረች፤ በኤፕሪል 2020፣ የመጀመሪያው ማዕበል ላይ፣ ራሷን አጥፍታ አለፈች። ቤተሰቦቿ እንደተናገሩት ሕክምና ካገኘሁ ፈቃዴን አጣለሁ ብላ ትሰጋ ነበር። በስሟ የተሰየመው የጤና ባለሙያዎችን አእምሮ ጤና የሚደግፍ ሕግ በማርች 2022 በአሜሪካ ጸድቋል። ስሟን ባነበብኩ ቁጥር ያ ስጋት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እናንተ ባላችሁበት ደንቡ ምን እንደሚል በወሬ አትመኑ፤ ጠይቁ፣ ወረቀቱን አንብቡ። እኔ ለወራት የፈራሁት ነገር ስጠይቅ የለም። የሄድኩበት የአእምሮ ጤና ባለሙያ የሰማውን ለመሥሪያ ቤቴ የመናገር መብት እንደሌለው የመጀመሪያው ቀን ነው የነገረኝ።

የመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት አንድ ወረቀት ሞላሁ። ላለፉት ሁለት ሳምንታት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ተስፋ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፣ ለሕመምተኛ እንሰጠዋለን። ከ27 ነው የሚቆጠረው፤ ከ10 ጀምሮ በቁም ነገር ይታያል። እኔ 19 አመጣሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ብዙ ቆየሁ። ራሴን ልጎዳ አስቤ አላውቅም፤ ግን "ተኝቼ ባልነሳ" ብዬ የተመኘሁባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ይሄ ድካም ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው በቃል ተናገሩት፤ መድኃኒት እጃችሁ ላይ ወይም ቤታችሁ ካለ ለሌላ ሰው ስጡት፤ ሐሳቡ ከበረታ ብቻችሁን አትደሩ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌላውን ሰው በዚያ በር እንደምናስገባው እኛም እንገባበታለን።

ድባቴና ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣው ፒቲኤስዲ የሚባለው ሕመም አብረው እንዳሉብኝ ተነገረኝ። ስም ማግኘቱ ራሱ አሳረፈኝ። ባለሙያው ገና በ2020 መጀመሪያ በቻይና 34 ሆስፒታሎች የሚሠሩ 1,257 የጤና ሠራተኞች ተጠይቀው ግማሽ ያህሉ የድባቴ ምልክት እንደነበራቸው ሲነግረኝ፣ እነዚያን የማላውቃቸውን ሰዎች እያሰብኩ አለቀስኩ። ብቻዬን የተበላሸሁ መስሎኝ ነበርና።

ሕክምናው ምን ይመስላል ለምትሉ፣ አስማት የለውም። ክኒኑን በሐኪም ትእዛዝ በየሳምንቱ እየቀነስኩ ተውኩት። ለድባቴው ሌላ መድኃኒት ጀመርኩ፤ እሱ ደግሞ ወዲያው አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ስለዚህ በአሥረኛው ቀን "አልሠራም" ብላችሁ አትጣሉት። ዋናው ግን ንግግሩ ነው። ባለሙያው አባባ ያለፉበትን ሌሊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በዝርዝር፣ ደጋግሜ እንድናገረው አደረገኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባሰብኝ። እንደሚብስብኝ አስቀድሞ ባይነግረኝ አቋርጥ ነበር። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ጊዜ ስናገር አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ እስከዚያ ድረስ በእኔ ታሪክ ውስጥ የጎኑ ክፍል ሕመምተኛ አልነበረም። ረስቼዋለሁ። ያ ሰው ያን ሌሊት ተርፏል። እግሬ ወደዚያ የሮጠው በስንፍና አልነበረም።

ባለሙያው የሕሊና ቁስል የሚባል ነገር አስረዳኝ። ጆናታን ሼይ የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም የጻፈበት ነው። ሰውየውን የሚያቆስለው የፈራው ነገር ብቻ አይደለም፤ ትክክል ነው ብሎ የሚያምነውን ነገር ማድረግ በማይችልበት ቦታ መቆሙም ነው። አራት ሰው ለአንዲት ነርስ። እኔ ያንን የሰው እጥረት "የእኔ ጥፋት" ብዬ ተሸክሜው ነበር።

ኃላፊዎች ይህን የምታነቡ ካላችሁ ልለምናችሁ። እኛ ጋ አንድ ከባድ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሁላችንም በግዴታ ተሰብስበን ያየነውን እንድንዘረዝር ተደረገ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ "አለቀ" ተባለ። በቅን ልብ ነው። ግን የሌላውንም ሰው ምስል ይዤ ወጣሁ። እንዲህ ያለው የአንድ ቀን የግዴታ ንግግር ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ሕመሙን እንደሚያባብስም በጥናት ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ማውራት የፈለገ ያውራ፣ ያልፈለገ ውኃ ይጠጣ፣ ይተኛ። እኛን ያቆመን ነገር ቀላል ነበር፦ በእርግጥ የሚሰጥ እረፍት፣ ማለትም የሚተካ ሰው ያለበት፤ አስቀድሞ የሚታወቅ የተረኝነት ፕሮግራም፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሥራት፣ አዲሷን ከነባሯ ጋር። እና እውነቱን መናገር። "ማስክ ለሦስት ቀን ብቻ ነው ያለን" ብላ በግልጽ የነገረችን ኃላፊ፣ "ሁሉም በቁጥጥር ስር ነው" ካለን ሰው ይልቅ አረጋግታናለች። በሥራ መዛልን ራሱን የዓለም ጤና ድርጅት በሕመሞች መዝገቡ ላይ ሲያሰፍረው እንደ በሽታ አልቆጠረውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ያለው። የትንፋሽ ልምምድ ጥሩ ነው፣ እኔም እሠራዋለሁ። የጎደለን ነርስ ግን አይተካም።

ለቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር። በመጨረሻ ለባለቤቴ ስነግረው ሁሉንም አልነገርኩትም፤ "ክፉ ነገር አይቻለሁ፣ እየታከምኩ ነው፣ አንተን አልጠላሁም" ነበር ያልኩት። በቂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስገባ "ቀኑ እንዴት ነበር?" አይለኝም። "ማውራት ትፈልጊያለሽ ወይስ ዝም ብለን እንቀመጥ?" ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለን እንቀመጣለን። ልጄ እጁን ከኋላው ለማውጣት ጊዜ ወሰደበት። ሮጬ አላቀፍኩትም፤ በር ላይ ተንበርክኬ እጄን ዘርግቼ እጠብቀዋለሁ። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን አይመጣም። አንድ ቀን ሮጦ መጣ።

ለእንቅልፍ የጠቀመኝን ባጭሩ፦ ከሌሊት ተረኝነት ስወጣ ስልኬን አልከፍትም፤ መኝታ ቤቱን አጨልማለሁ፤ ከተረኝነቱ ግማሽ በኋላ ቡና አልጠጣም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስነሳ አልጋ ላይ ከራሴ ጋር አልታገልም። እነሳለሁ፣ እግሬን ወለሉ ላይ እጭናለሁ፣ የማያቸውን አምስት ነገሮች ስማቸውን እጠራለሁ፣ የምሰማቸውን ሦስት። ቤቴ ውስጥ መሆኔን ሰውነቴ እስኪያምን ድረስ። አሁን በወር አንዴ ቢሆን ነው።

ከታከምኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ኃላፊዋ ጠራችኝ። አንዲት ሴት መጥታለች፣ አባቷ እዚህ ነው ያረፈው፣ አንቺን ትፈልጋለች አለችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። መሄድ እንደሌለብኝ ብነግራት ትቀበለኝ ነበር። ለዚህ ቀን ከባለሙያው ጋር ተነጋግረንበት ነበር፤ የራሴን ሸክም ለማውረድ ብዬ ቤተሰብ ፍለጋ እንዳልሄድ፣ ነገር ግን ራሳቸው መጥተው ከጠየቁኝ እንዳልዋሽ። እናንተም ብትሆኑ ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

ገባሁ። ያለ መከላከያ ልብስ አይታኝ አታውቅም። ተቀመጥን። ያ ጥያቄ እንደገና ሳይመጣ ቀድሜ ነገርኳት። "ያን ሌሊት አብሬያቸው አልነበርኩም። ጎን ክፍል ነበርኩ። ስመለስ አልፈው ነበር። ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ገምቼ ነበር" አለች። "ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ።" አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ቦርሳዋን ከፍታ ስልኳን አወጣችና አንድ ፎቶ አሳየችኝ፤ በአንዱ ማታ ስናወራ ከስክሪኑ ላይ ያነሳችው ነው። አባባ ማስካቸውን እንዳደረጉ ዓይናቸው እየሳቀ ነው። ከኋላቸው፣ ጥግ ላይ፣ ትራሳቸውን የምታስተካክል ፊቷ የማይታይ ሰው አለች። ደረቷ ላይ በማርከር ስም ተጽፏል።

"ይቺ አንቺ ነሽ አይደል፣ ሲስተር?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "እኔ ነኝ።"